የስውር ደንበኛ ሂሳብ

(በቀድሞ ተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ ስለሠራሽው ሥራ ንገሪን» ብለውኛል። ፓርኪንግ ላይ ቆሜ እንደነበር የምትገምቱ ትኖራላችሁ። አይደለም፤ ሚስትሪ ሾፐር ነበርኩ፤ በአማርኛ ስውር ደንበኛ እንበለው።

በዲቪ ሄጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለፈቃድ ፈተናው ሳነብ ሰዓቱን እኔ የምወስነው ሥራ ያስፈልገኝ ነበር። ባንኩ፣ ምግብ ቤቱ፣ ነዳጅ ማደያው ሠራተኞቹ ደንበኛን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ለማወቅ ለአንድ አጥኚ ኩባንያ ይከፍላል። ኩባንያው ደግሞ እንደ እኔ ያለውን ሰው በየሥራው እየከፈለ ይልካል። እንደ ማንኛውም ሰው ገብተሽ ትገዣለሽ። ሰላምታ ሰጡሽ ወይ፣ ስንት ደቂቃ ቆምሽ፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ፣ ሁሉንም በልብሽ ትይዣለሽ። ቤት ገብተሽ ያን የማያልቅ ቅጽ ትሞያለሽ።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልግባ። «ክፍያ 15 ዶላር» የሚል ሥራ መጣ እንበል፤ መንገዱ ደርሶ መልስ 24 ማይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለሥራ የሚነዳ መኪናን ወጪ በማይል 56 ሳንቲም ያሰላ ነበር፤ ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የመኪናውንም እርጅና ጨምሮ ማለት ነው። 24 ማይል 13 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይመጣል። ከ15ቱ የሚተርፈው 1 ዶላር ከ56 ሳንቲም ብቻ! ለዚያውም አንድ ሰዓት መንገድ፣ ግማሽ ሰዓት ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ሪፖርቱ ላይ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ነበር፤ ግን ይህ ሕግ በግሉ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ቅጥር ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር የሚካፈለውን 15.3 በመቶ የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬር ግብርም ብቻዬን ነበር የምሸከመው።

ስለዚህ ተደራደርኩ። እኛ እኮ መርካቶ ገብተን ለአንድ ነጠላ ግማሽ ቀን እንከራከራለን፤ የገዛ ጉልበታችን ላይ ስንደርስ ግን ይሉኝታ ይይዘንና «እንደፈቀዳችሁ» እንላለን። ሐኪም ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ሥራ የምትመድበው ሴትዮ በወሩ መጀመሪያ ላይ ብትጠየቅ መልሷ «ክፍያው የተወሰነ ነው» ነበር። እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ታገኛለች። ነገር ግን ደንበኛው ድርጅት ሁሉም ቅርንጫፎች ወሩ ሳያልቅ እንዲታዩለት ይፈልጋል። 26 እና 27 ላይ ያልተያዙ ቅርንጫፎች ሲቀሩ የምትጨነቀው እሷ ናት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «በአንድ መንገድ ላይ ያሉትን 3 ቅርንጫፎች ሐሙስ እሠራለሁ። ለእያንዳንዱ 28 ዶላር፣ የምገዛበት ገንዘብ ለብቻው ተመላሽ ይሆናል። ሪፖርቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርስሻል።» 20 አለች። 25 አልኩ። በ25 ተስማማን። ለፈተና እየቆጠብኩ እንደሆነ፣ የቤት ኪራይ እንዳለብኝ አልነገርኳትም፤ የእኔ ችግር ለእሷ ምክንያት አይሆናትም። ምክንያት የሚሆናት ሐሙስ ማታ ሦስት ክፍት ቦታ መዘጋቱ ነው።

75 ዶላር ማለት ነው። 30 ማይል ነዳሁ፤ 16 ዶላር ከ80 ስንቀንስ 58 ከ20 ይተርፋል። ሥራው 5 ሰዓት ወሰደ፤ በሰዓት 11 ዶላር ከ64። ሀብታም አያደርግም፣ ግን ሥራ ይባላል።

ከገንዘቡ ሌላ ሁለት ነገር አስቀድሜ በጽሑፍ እጠይቅ ነበር። ሪፖርቱ ውድቅ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ለማረምስ ዕድል አለ ወይ? ሁለተኛው፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ይገባል? ቼክ ልኮ «ባንክ አስገቢውና ከፊሉን መልሰሽ ላኪ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ድርድር የለም፤ ሌባ ነው።

በዚያው ሰሞን ለክሊኒካል ፈተናው ፊላደልፊያ ሄድኩ። በሽተኛ መስላ የተቀመጠችው ሴት ሆዷን ይዛ ታቃስታለች፤ እኔ በልቤ «ለዚህ ስንት ይከፍሏት ይሆን?» እላለሁ። ጤነኛን ሰው እንደ በሽተኛ አሰልጥኖ ለሕክምና ተማሪዎች ማቅረብን እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ ነው። ስለዚህ እኔና እሷ ባልደረቦች ነበርን፤ ያን ቀን ተመርማሪዋ እኔ ሆንኩ እንጂ።

ይህን ሁሉ እዚህ ያመጣሁት በምክንያት ነው። አሁን በአገራችንም ተመራማሪዎች ስውር ደንበኛ ወደ መድኃኒት ቤት ይልካሉ፤ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ይሸጣል ወይ ብለው ለማየት። ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን እንዳማክር በተላኩልኝ ጥቂት ፕሮፖዛሎች ላይ የተቆጣጣሪው አበል አለ፣ የስታትስቲክስ ባለሙያው ክፍያ አለ፤ ደጃፍ ለደጃፍ ለሚዞረው ልጅ ግን የተጻፈው «ትራንስፖርት» ብቻ ነው። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ዞሮ፣ የአሥር መድኃኒት ቤት ወሬ በጭንቅላቱ ይዞ፣ ማታ ቅጹን ቢሞላ የትኛው ፋርማሲስት ስለ አለርጂ እንደጠየቀው በምን ያስታውሳል? ከእያንዳንዱ ቤት እንደወጣ ቁጭ ብሎ የሚሞላበት ጊዜ ሊከፈለው ይገባል። የሥልጠናው ቀንም እንዲሁ። የመድኃኒቱ መግዣ በቅድሚያ በእጁ ይሰጠው፤ ተማሪ ከኪሱ አውጥቶ ወር የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ቢነቃበት የሚያሳየው ደብዳቤም በቦርሳው ይኑር።

ደግሞ ክፍያው መድኃኒቱ ተሸጠለትም አልተሸጠለትም እኩል ይሁን። ሲሸጡለት ብቻ የሚከፈለው ልጅ እስኪሸጡለት ድረስ መለመኑ አይቀርም፤ ያኔ የምንለካው የመድኃኒት ቤቱን አሠራር ሳይሆን የልጁን ልመና ነው።

ክቡር ዲን፣ በበጀት ቅጹ ላይ የሚጨመረው አንድ መስመር ነው። በሻይ ሰዓት እፈልግዎታለሁ።