የዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ክፍል ለማን ይሠራል?

(ከዚህ በታች የሚገኘው ጽሑፍ ሀዋሳ ውስጥ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር ነው።)



ይህ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰጠኝ እምብዛም ደስ አላለኝም ነበር። ስለ አገር ዕድገት ወይም ስለ ወጣቱ ኀላፊነት ብናገር አዳራሹ ይሞቅልኛል፤ ስለ ሽቦና ስለ ኮምፒዩተር ብናገር ግን እንቅልፍ አመጣባችኋለሁ ብዬ ሠጋሁ። በኋላ ነገሩን ሳሰላስለው ግን የእያንዳንዳችንን የምረቃ ቀን የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ጥያቄውን ሳላድበሰብስ ላስቀምጠው፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ክፍል የሚሠራው ለማን ነው?

የዚህ ክፍል ሠራተኞች ዕድል የውኃ ቧንቧ ጠባቂ ዕድል ነው። ውኃው ሲወርድ የሚያስታውሳቸው የለም፤ በቆመ ዕለት ግን ስማቸው ከየመኝታ ክፍሉ ይነሣል። ብዙዎቻችን አይ.ሲ.ቲ. ሲባል የምናስበው ዋይፋይን ብቻ ነው። ሥራው ግን ከዚያ በእጅጉ የሰፋ ነው። የምዝገባና የውጤት መዝገብ፣ የመምህራን የማስተማሪያ ገጽ፣ በኮምፒዩተር የሚነበበው የቤተ መጻሕፍት ክፍል፣ የምርምር መረጃ፣ በመጨረሻም የመውጫ ፈተናው፣ ይህ ሁሉ በአንድ ክፍል እጅ ያልፋል።

አስቀድሜ ስለምንኖርበት ስፍራ ጥቂት ልበል። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አጥር ውስጥ የተወለደ አይደለም። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1976፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1978 ተቋቋሙ። በ2000 እነዚህ ሁለቱና የዲላው ኮሌጅ ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ በ2006 ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ የቀረው አካል የከተማውን ስም ያዘ። ዛሬም ዋናው ግቢ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ የእርሻ ኮሌጁና የሕክምናው ኮሌጅ በከተማው ውስጥ በየፊናቸው ሲገኙ፣ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም አጠገብ ያለው አዋዳና በንሳ ዳዬ ደግሞ ከከተማ ውጭ ናቸው። እንዲህ የተራራቀ ቤተሰብ በደብዳቤና በመኪና ብቻ አንድ ቤት ሊሆን አይችልም። አንድ የሚያደርገው መረቡ ነው። የእርሻ ኮሌጁ ሲከፈት በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወደ አገራችን የገባው በ1997 ነው። እንግዲህ ይህ ክፍል ከእኛ ዕድሜ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልግባ። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ፕላዝማን የምናውቅ ነን። ከ2004 ጀምሮ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ጥሩ መምህር ያላገኘ የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል እንዲማር ነው። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ፈጥኖ ያልፋል፤ እጅ ብናወጣ አያየንም፤ አልገባንም ብንል አይመለስም። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አብሮ ሄደ። ከፊታችን የቆመው መምህርም ማብራትና ማጥፋት ብቻ ቀረለት። ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ መምህሩን ወደ ጎን ገፍቶ የሚገባ መሣሪያ ተማሪውንም አይጠቅምም።

ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ሙድል የተባለው ፕሮግራም ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንድ አውስትራሊያዊ በ2002 ለዓለም ያበረከተው ሲሆን ዋጋ አይከፈልበትም። መምህሩ የትምህርቱን ጽሑፍ ያኖርበታል፤ የቤት ሥራ ይሰጥበታል፤ ታሞ የቀረ ተማሪ ያመለጠውን ያገኝበታል፤ ያልገባው ደግሞ እንደ ፕላዝማው ሳይሆን ሦስት ጊዜ ተመልሶ ያነባል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን መጫን የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። ሌላው እኩሌታ መምህሩ እንዲጠቀምበት ማሠልጠን ነው። ባዶ ገጽ ባዶ ሰሌዳ ነው።

የዚህም ፈተና በ2020 ታየ። በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሰናበቱ፤ ትምህርትን በኢንተርኔት ለመቀጠል ተሞከረ። በዚያው ዓመት በሰኔ ማለቂያ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ነገር ግን ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ከተማ ያለው ተማሪ ስልኩን ከፍቶ ሲያነብ፣ ቤቱ ከመንገድ የራቀው ተማሪ ስልኩ ኔትወርክ እንዲይዝለት ኮረብታ ይወጣ ነበር። ሁለቱም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ።

ስለ ምርምርም ይህንኑ ማለት ይቻላል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተመደቡት ስምንቱ አንዱ ነው። ምርምር ደግሞ የሌላውን ሥራ ከማንበብ ይጀምራል። የሳይንስ መጽሔቶች ዋጋ ለድኻ አገር የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 ሂናሪ የተባለውን፣ የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት በ2003 አጎራ የተባለውን አገልግሎት ከፈቱ። አንደኛው ለጤና፣ ሁለተኛው ለእርሻ ነው። በእነዚህ አማካይነት በድኻ አገር ያሉ ተቋማት ውድ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ያነባሉ። እርሻና ሕክምና ለሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የመግቢያው ቃል ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ፣ ወይም ተማሪው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ካልሰማ፣ ሀብቱ ለእኛ የለም ማለት ነው።

ከደጃችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሐይቃችን ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ በወንዝ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከተራቆተው ዳገት የሚታጠበው ደለልና ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ እዚያው ይሰበሰባል። የሐይቁ ዳርቻ እንዴት እንደተለዋወጠ፣ የወንዶ ገነት ደን ምን ያህል እንደ ሳሳ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ያነሷቸውን ሥዕሎች ማየት ይችላል፤ ከ2008 ወዲህ ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። የሚያስፈልገው እነዚያን ከባድ ፋይሎች የሚያወርድ መስመር፣ የሚከፍት ኮምፒዩተርና እንዴት እንደሚነበቡ የሚያሳይ ሰው ነው። ሦስቱን ያገኘ ተማሪ አባቱ ስለሚያርሰው መሬትና እናቱ ስለምትቀዳው ውኃ ሊመራመር ይችላል። ሦስቱን ያጣ ተማሪ ግን ከሌላ ሰው ጥናት ገልብጦ ይመረቃል።

ወደ ተማሪው ልመለስና በራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ። በሦስተኛ ዓመት ሰባት ሆነን የሠራነውን የኅብረት ጥናት በአንዲት ፍላሽ ይዤ ለማሳተም ከግቢ ውጭ ወደ አንድ ኮፒ ቤት ሄድሁ። ፍላሿን ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ሰካኋት ጽሑፉ ሁሉ ጠፍቶ በምትኩ የማይከፈቱ ሾርትከቶች ተደረደሩ። የሁለት ወር ሥራ ነበር፤ የምናስረክበውም በማግሥቱ ነው። ጓደኞቼ ፊት መቅረብ ፈርቼ ሳለ አንድ ሰው የአይ.ሲ.ቲ. ሠራተኛ ዘንድ ወሰደኝ። ሠራተኛውም ፍላሿን አይቶ «ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው» አለኝና ጥቂት ቃላት ጽፎ የተሰወረውን ሁሉ አወጣልኝ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀበትም። ሲያሰናብተኝም «አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር እንደሌለህ ቁጠረው» አለኝ። ይህን ምክር በመጀመሪያ ዓመት ብሰማው ኖሮ ያን ሌሊት ያለ እንቅልፍ ባላደርሁ ነበር። በዚያ ምሽት የሚያውቀኝ ሰው ባላገኝስ ኖሮ? የሰባት ተማሪዎች ውጤት የሚያውቁት ሰው በማግኘትና ባለማግኘት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይህን ፈተና በኮምፒዩተር ይፈተናል፤ ከመቶ ሃምሳ ያላገኘ ዲግሪውን አይወስድም። በመጀመሪያው ዙር በአገሪቱ ከተፈተኑት ከግማሽ የሚበልጡት አላለፉም። የዚህ ምክንያት ኮምፒዩተር ነው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ፣ አራት ዓመት በወረቀት ተፈትኖ፣ ዕጣ ፈንታው በሚወሰንበት ቀን ብቻ ከስክሪን ፊት የሚቀመጥ ተማሪ አለ። የጥያቄውን መልስ እያወቀ ማውዙ ከእጁ ጋር አልስማማ ብሎት የሚያልበው ተማሪ አለ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን አያየውም። ማየት የተሳናቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጉዳይማ ከዚህም የከበደ ነው። ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. የተባለ፣ ማየት የተሳነው አንድ አውስትራሊያዊ በ2006 የጀመረው፣ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል። የሚጭነው ሰውና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ ለጥያቄዬ የማገኘው መልስ ይህ ነው። የቴክኖሎጂ ክፍል ለሁሉ ይሠራል፤ የሥራው መለኪያ ግን የራሱ መሣሪያ የሌለው ተማሪ ነው። ላፕቶፕና የስልክ ካርድ ያለው ተማሪ መረቡ ቢቆም ይከፋል እንጂ አይወድቅም። የሌለው ግን ከዚያ በር በቀር ሌላ በር የለውም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን በአክብሮት እንዲጠይቅ አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው መንፈቅ የኮምፒዩተር ልምምድ በእጁ እንዲያደርግ፤ የመውጫ ፈተናውንም መልክ ከአራተኛ ዓመት በፊት ደጋግሞ በኮምፒዩተር እንዲለማመድ።

ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተር ክፍሎች በማታና በቅዳሜና እሑድ ክፍት እንዲሆኑ። የሰው ኀይል ያንሳል ቢባል የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አሉ፤ በተራ ተመድበው የወንድሞቻቸውን ጥያቄ ቢቀበሉ እነርሱም ሙያቸውን ይለማመዳሉ። ያን ጊዜ እርዳታ ለማግኘት የሚያውቁት ሰው መፈለግ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የዚህ አገልግሎት እቅድ በሚመከርበት ስብሰባ የተማሪ ወኪል እንዲቀመጥ፤ አገልግሎት ሲቋረጥም ምክንያቱና የሚመለስበት ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይታገሣል፤ ሳያውቅ ሲቀር ያማል።

ለሌላው ብቻ ተናግሬ ለእኛ ሳልናገር ብወርድ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ክፍሉ መብራት አያመነጭም፤ የኢንተርኔቱንም መስመር የሚያገኘው ከውጭ ነው። መስመሩ ደግሞ እንደ ጠባብ መንገድ ነው፤ ሁሉም ባጃጅ በአንድ ሰዓት ከገባበት ማንም አይንቀሳቀስም። ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ፊልም የሚያወርድ ተማሪ አጠገቡ ያለውን የጥናት ጽሑፍ ፈላጊ መንገድ ይዘጋበታል። የመግቢያ ቃሉን ለአሥር ሰው የሚያድል፣ ከኮምፒዩተር ክፍል ማውዝ ነቅሎ በኪሱ የሚከት፣ እርሱ ክፍሉን ሳይሆን የገዛ ጓደኛውን ነው የሚጎዳው። ብልሽት ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፍም እንደዚሁ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ የተናገሩት ስለ ኮምፒዩተር መረብ አልነበረም። አሳቡ ግን ይገጥመዋል። አንዱ ክር ከተበጠሰ ድሩ አይዝም። ኮምፒዩተር ሳይነካ ወደ ፈተናው አዳራሽ የሚገባው ተማሪ የድራችን አንዱ ክር ነው። በመጪው ምረቃ ቀን ጋውን ለብሰን ፎቶግራፍ ስንነሣ እርሱ ከመካከላችን እንዳይጎድል ከዛሬ ጀምረን እንሥራ።