ቤት ውስጥ ስለሚማሩ ልጆቻችን



እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት የኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁላችንም ሳንወድ አስተማሪ ሆንን። በ2021 ሲከፈቱ ግን አንዳንዶቻችን ልጆቻችንን አልመለስንም፤ እውነቱን ለመናገር ክፍያው ከብዶን ነበር። በ2013 የወጣው የአገሩ ሕግ ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት ግዴታ ስላደረገ፣ ተቆጣጣሪ መጣ አልመጣ እያልን ነው የምናስተምረው።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ያውቁታል፣ ስዋሂሊውንም ከሰፈር ለቅመውታል፤ ሀ ሁ ለማስቆጠር ስንነሳ ይመሽብናል። በአማርኛ የሚያጫውታቸው እኩያም የላቸውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የማኅበሩን አዳራሽ እንድትፈቅዱልን እንጠይቃለን። ጠመኔውንና ሰሌዳውን እኛ እናመጣለን።