መልክ እንጂ ሥራ አይመሳሰልም፦ ስለ ጀርመንኛ የኃላፊ ጊዜ ግሦች



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ ስሳሳትበት የኖርሁት ነው። የአማርኛ ሰዋስው «ሄደ»ን ኃላፊ፣ «ሄዷል»ን የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር»ን የሩቅ ኃላፊ ይላቸዋል። ጀርመንኛም «ጊንግ»፣ «ኢስት ገጋንገን»፣ «ቫር ገጋንገን» የሚሉ ሦስት ቅርጾች አሉት፤ በሰዋስው ስማቸው ፕሬተሪቱም፣ ፐርፌክትና ፕሉስክቫምፐርፌክት ይባላሉ። ፐርፌክት እንደ «ሄዷል» በረዳት ግሥ ስለሚሠራ፣ የቅርብ ኃላፊ ነው እያልሁ አስተምር ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ፐርፌክት ለቅርብ ጊዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ልጅነቷን የምታወራ የሙኒክ አሮጊት ከስድሳ ዓመት በፊት የሆነውንም በፐርፌክት ትተርካለች። በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ ዘዬዎች ፕሬተሪቱም ከንግግር አብዛኛውን ጠፍቷል፤ በስዊዘርላንድ ጀርመንኛ ጭራሹን የለም። በሰሜን ጀርመን ግን በንግግርም ይበልጥ ይሰማል። ልብ ወለድን ስንመለከት፣ የተለመደው የትረካ ቅርጽ በሁሉም ስፍራ ፕሬተሪቱም ነው። በጀርመን የዕለት ንግግርም ቢሆን «ቫር» (ነበረ)፣ «ሃተ» (ነበረው)፣ «ኮንተ» (ቻለ) የመሳሰሉት በፕሬተሪቱም መነገራቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ምርጫውን በአመዛኙ የሚወስኑት አገሩ፣ ግሡ፣ እንዲሁም ነገሩ በአፍ መነገሩ ወይም በብዕር መጻፉ ናቸው።

ሃራልድ ቫይንሪኽ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው «ቴምፑስ» ሌላ መለያ ጨምሯል፦ ፕሬተሪቱም የሚተረክ ዓለም ምልክት ነው፤ ፐርፌክት ደግሞ ተናጋሪው ዛሬም የሚወያይበት፣ የሚያገባው ጉዳይ ምልክት ነው።

ይህ የሰዋስው ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ምስክር በጀርመንኛ «ቪር ዚንት አውፍገሽታንደን፣ ሃበን ገጌሰን፣ ዚንት ቬክገጋንገን» ቢልና ተርጓሚው «ተነሥተናል፣ በልተናል፣ ሄደናል» ብሎ ቢያቀርበው፣ ተከታታዩ ድርጊት ፈርሶ የተበታተነ ዝርዝር ይሆናል፤ የትኛው እንደቀደመ አድማጭ ሊጠራጠር ይችላል። ምስክሩ ያለው ግን «ተነሥተን፣ በልተን ሄድን» ነው። ቃሉን ያናጋው የተርጓሚው ቅርጽ ነው፤ ተአማኒነቱን የሚያጣው ግን ምስክሩ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ፐርፌክት ሲገጥማችሁ «ሄዷል» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ተናጋሪው ታሪክ እየተረከ ነው ወይስ አንድ የተፈጸመ ነገር ለዛሬ ያለውን ፋይዳ እየገለጸ? መልሱ ቅርጹ ላይ አይገኝም፤ በዐውዱ ውስጥ ነው።