የበለዘ ጥርስ ያላቸውን ልጆች በተመለከተ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



በመካከላችን ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ልጆች አሉ። ሰው «ጥርሱን አይፍቅም» ይላቸዋል። መፋቂያ ከአፋቸው ባይለይም ነገሩ ያው ነው፤ ቆሻሻ አይደለማ!

ቴትራሳይክሊን የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ አብሮ ይገባና ይቀራል። መጀመሪያ ቢጫ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ውሎ አድሮ ወደ ግራጫና ቡናማ ይለወጣል። ይህም የሚደርሰው ከእርግዝናው 4ኛ ወር ገደማ ጀምሮ ልጁ 8 ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ እናቶች፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ለልጅ መስጠት ይቅርብን። ነፍሰ ጡሯም ማርገዟን ለሐኪሙ ትንገር። ሐኪም አስቦበት ያዘዘው ግን ሌላ ነው።

የዓይን ቅባቱ ጥርስ አያበልዝም። ለትራኮማ የታዘዘውን በዚህ ፍራቻ እንዳትተዉ፤ ዓይን ነው!

በወንጂና በመተሐራ በኩል ያደጉ ሰዎች ጥርስ ደግሞ የሚበልዘው ከጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የተነሣ ነው። ለይቶ የሚነግረን ሐኪም ነው።

የበለዘውስ ምን ይደረግ? በአመድ፣ በከሰልና በሎሚ መፈተግ የጥርሱን ሽፋን ይበላዋል እንጂ አያነጣውም። የጥርስ ሐኪም የማንጫ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለወራት ይደረጋል። ቢጫው ቶሎ ይለቃል፣ ግራጫው ያስቸግራል። እምቢ ካለ ከጥርሱ ፊት ስስ ሽፋን ይለጠፋል፤ እሱ እንኳ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።