ቁልፉ በማን እጅ ነው?



ስለ ልጆቻችን የትምህርት ቤት ክበባት እንድንናገር የሒሳብ ኮሚቴው ዕድል ተሰጥቶናል። የሒሳብ ሰዎች ነንና ወሬያችን ወደ ሣጥንና ደረሰኝ ቢያዘነብል ይቅር በሉን።

ክበብ ሞልቷል፤ ቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የሴት ተማሪዎች፣ አካባቢ ጥበቃ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም የፀረ ሙስና ክበብ በብዙ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ ስለ ሙስና ግጥም ያነባሉ፤ የጋራ ገንዘብ ግን በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ያልያዙትን እንዴት ይጠብቁ?

አምና እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አግዘን ነበር። ልጆቹ በግቢያቸው ጎመንና ሰላጣ ተከሉ። የሚያጠጡት ከቧንቧ ነው፤ የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሽያጩን እንደኛው ሣጥን ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን አስቀመጡ፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተገኙ አይከፈትም። ገንዘብ ያዧ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ሲቆጠር 85 ብር ጎደለ። ልጅቱ አለቀሰች። እናቷ «ልጄን ከዚህ ነገር አውጡልኝ» ብለው መጡ። ቁልፉ ወደ ቢሮ ይግባ ያሉም ነበሩ። ከእኛም አንዷ መቀነቷን ፈትታ ልትሞላው ተነሣች፤ ጉድለት አይሸፈንም እያልን የምናስተምረው እኛ!

ተመለሰችና ተቀመጠች። ልጅቱ መዝገቡን በክበቡ ፊት መስመር በመስመር አነበበች፤ ሁለት ከሰዓት ፈጀ። 60 ብሩ አንድ ትልቅ ሰው «ነገ እከፍላለሁ» ብለው የወሰዱት፣ ያልተጻፈ ዱቤ ሆኖ ተገኘ። 25ቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ መዝገቡ ላይ «ያልተገኘ» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ ከሚቀጥለው ሽያጭ ሊተኩት፣ ለትልቅ ሰውም ቢሆን ዱቤ ላይሰጡ ወሰኑ። ልጅቱ ቁልፏን አልመለሰችም። ዘንድሮ እኛም ጎመን ስንገዛ ታስፈርመናለች።

ለጋሾቻችን ምን እንስጥ ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። የደረሰኝ ጥራዝና መዝገብ ስጡ፤ ርክክቡንም ልጆቹ ራሳቸው ይፈርሙ። እናቶች ደግሞ ዓርብ ዓርብ ሴት ልጆቻችሁን ለውኃና ለእንጀራ አታስቀሯቸው። ወንድሞቻቸው በዚያ ሰዓት ኳስ ሜዳ ናቸው፤ እነሱ ይቅዱ። ሣጥኑ የሚከፈተው 9 ሰዓት ነው፤ ከሦስቱ ቁልፍ ያዦች ሁለቱ ሴቶች ናቸው።