ባቡሩ ቆሞ ይፈተን

(የሠፈራችን ማኅበር ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። ስብሰባውን ላልተካፈሉ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)

ጭቃው ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የምናገረውን መሐንዲስ እንደተናገረው አትቁጠሩብኝ። ያየሁትን፣ የጠየቅሁትንና የከፈልኩበትን ነው የምነግራችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ሳታዩት አልቀራችሁም። ልጆቹ ከወዲያ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ። አዎ፣ መጫወቻ ነው። አንድ የሠፈራችን ልጅ ከውጭ አገር ለታናሽ ወንድሙ የላከለት ትንሽ የባቡር ሞዴል ነው። ባቡሩ መጣ፤ ሐዲዱ ግን አልመጣም። ወጣቶቻችን ታዲያ ሐዲድ የለም ብለው አልተዉትም። በጣውላ ላይ ስምንት ትናንሽ ኩሽኔታ ሁለት ሁለት አድርገው ተከሉና እያንዳንዱን መንኮራኩር በሁለት ኩሽኔታ መካከል አስቀመጡት። ኮሬንቲው ከስምንት የባትሪ ድንጋይ ተነሥቶ በኩሽኔታው በኩል ወደ መንኮራኩሩ ያልፋል። የግራውና የቀኙ ኩሽኔታ በብረት እንዳይገናኝ በጣውላው ተለያይቷል። ከባቡሩ ኋላ ደግሞ ክር አስረው፣ በክሩ መካከል ላስቲክ ቀጥለው፣ ጫፉን ከምስማር ጋር አያይዘውታል።

አሁን እከፍተዋለሁ። ይሰማችኋል? መንኮራኩሩ ይሽከረከራል፤ ባቡሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ድምፁም ያምራል። ላስቲኩን እዩልኝ፤ እንደላላ ነው። አሁን ኩሽኔታዎቹን በዚህች ጨርቅ በተጠቀለለች እንጨት ጫን ላድርጋቸው። ያው፣ ላስቲኩ ተወጠረ። ሞተሩም ድምፁን ለወጠ። ትንሽ ብጨምርበት ጭራሽ ይቆማል።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይኸው ነው። ባዶውን ሲሮጥ ሁሉም ሞተር ጎበዝ ነው። ጉልበቱ የሚታወቀው ሸክም ሲነካው ነው።

ይህን ዘዴ ያገኙት የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 በአሜሪካ አገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎስ የተባሉ መምህር አንድ ሙሉ የእንፋሎት ባቡር ቤት ውስጥ አስገብተው በሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች ላይ አቁመው አስኬዱት። በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ይኸው ዓይነት መፈተኛ ለሕዝብ ታይቷል። ፈረንሳዮች በ1933 ቪትሪ በሚባል ቦታ፣ እንግሊዞች በ1948 ረግቢ በሚባል ከተማ የየራሳቸውን ሠርተዋል። ያን ሁሉ ወጪ ያወጡት ለምንድነው? ባቡር ሐዲድ ላይ ወጥቶ መንገደኛ ጭኖ መካከል ላይ ከሚቆም፣ ቤት ውስጥ ቆሞ ነውሩ ቢታይ ይሻላል ብለው ነው። መንኮራኩሮቹን በፍሬን እየያዙ፣ ባቡሩ ወደፊት የሚስብበትን ኃይል ከኋላው ባሰሩት መለኪያ ያነቡ ነበር። የእኛ ላስቲክ የዚያ መለኪያ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ጅማ ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ተመረቀ። ወደኛ ወደ ጅማ ግን የመጣ ሐዲድ የለም። ነገር ግን ባላገር ወጥታችሁ «ባቡር ቤት የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳዩአችሁ ወፍጮ ቤቱን ነው። ሴቶቻችን እህል ተሸክመው «ባቡር ልሄድ ነው» ሲሉ ጅቡቲ መሄዳቸው አይደለም። ቃሉ ከፈረንጅ አፍ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም እንፋሎት ነው ይባላል። እንግዲህ ለእኛ ባቡራችን የወፍጮው ሞተር ነው። የቡና መቀሸሪያውን፣ የእሸት ቡና መፈልፈያውንና የውኃ መሳቢያውን የሚያዞረውም ወንድሙ ነው።

አሁን ወደ አምናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግን ከእኔ አፍ አልሰማችሁትም።

አምና በሐምሌ የማኅበራችን ወፍጮ ሞተር ቆመ። ለጥገና ወሰድነው። ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ተጠግኗል ሲባል ሄድኩ። አስነሡት፤ ዱግ ዱግ እያለ ሠራ። ጭሱም ንጹሕ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ቆሜ አየሁት። ደስ ብሎኝ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ተረክቤያለሁ ብዬ ፈረምኩ። በጋሪ አስጭነን አመጣነው። 300 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ብረት ስንት ሰው እንደጠየቀ የተሸከማችሁ ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ቀን በቆሎው ከአፉ እንደተጨመረ ሞተሩ አቃሰተና ደርቆ ቆመ። ሲፈታ ብሮንዚኑ ተቃጥሏል። ዘይት የሚያልፍበት ቀዳዳ ተደፍኖ ነበር። ባዶውን ሲሠራ ችሎታል፤ ሸክም ሲመጣበት ግን ግሎ ነደደ። ግማሽ ሰዓት ሸክም ይዞ ቢሠራ ኖሮ እዚያው ጠጋኙ እጅ ላይ ይግል ነበር፤ እኛም አንከፍልም ነበር።

ሁለተኛ ወሰድነው። አሥራ አንድ ቀን ወፍጮ አልነበረንም። እናቶች በዝናብ የአዌቱን ድልድይ ተሻግረው ሌላ ሠፈር ወርደው አስፈጩ። አንዲት እናት ከነጆንያዋ ጭቃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ እጇም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። እኔ የፈረምኩት ወረቀት አሁንም በፋይሉ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር ያፍረኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ ሌሎችን አስለቀምኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ከቢሮው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የሞተር መፈተኛ መደብ እንድንሠራ ነው። አሠራሩን በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የሠፈራችን ልጅ እንደሚከተለው አስረድቶናል።

አንደኛ፣ መሬቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ይሞላል። በላዩ ላይ ሁለት ወፍራም ብረቶች ትይዩ ሆነው ይታሰራሉ። የብሎኑ ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ትንሹም ትልቁም ሞተር እያንሸራተቱ ይታሰርበታል። መደቡ በውኃ ልክ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ ሞተሩ እየዘለለ ብሎኑን ያላላዋል።

ሁለተኛ፣ ሸክሙ። ወፍጮ እዚያ ድረስ መውሰድ ስለማይቻል በፍሬን እንተካዋለን። ሁለት ጠንካራ እንጨቶች የሞተሩን ፑሊ ከላይና ከታች አቅፈው በብሎን ይጠብቃሉ። ከእንጨቱ አንድ ክንድ ይወጣና ጫፉ ሚዛን ላይ ያርፋል። ፑሊው ክንዱን ይዞት ሊዞር ይፈልጋል፤ ሚዛኑ ይከለክለዋል። ይህን ፕሮኒ የተባሉ ፈረንሳዊ በ1821 ያወጡት ስለሆነ የፕሮኒ ፍሬን ይባላል። ሂሳቡም ከባድ አይደለም። የሚዛኑን ኪሎ በክንዱ ሜትር፣ ከዚያም በደቂቃው ዙር አባዝቶ ለ716 ማካፈል ነው። ለምሳሌ ክንዱ 1 ሜትር፣ ሚዛኑ 6 ኪሎ ተኩል፣ ዙሩ 650 ቢሆን፣ 4225 ለ716 ሲካፈል 5.9 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ስድስት ፈረስ ነው ተብሎ የተሸጠ ሞተር ይህን ካሳየ ሻጩ አልዋሸም። ክንዱ ራሱ የሚመዝነውን ግን አስቀድሞ መቀነስ ነው፤ አለዚያ የእንጨቱን ክብደት የሞተሩ ጉልበት ነው ብለን እንታለላለን። እንጨቱ ስለሚግል ውኃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል።

የሚፈተነው የመብራት ጀነሬተር ከሆነ ፍሬኑም አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ማገናኘት ይበቃል። አንድ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ስለሚወስድ ለትንሽ ጀነሬተር ከበቂ በላይ ሸክም ነው። እንጀራውም አብሮ ይጋገራል። (ሳቅ)

ሦስተኛ፣ ጊዜው። ፋሻው አዲስ ከሆነ ወዲያው ሙሉ ሸክም አይጫንበትም። መጀመሪያ በቀላል፣ ከዚያ በግማሽ፣ በመጨረሻ በሙሉ ሸክም ይሠራል። በዚያን ጊዜ ጭሱን ማየት ነው። ጥቁር ከሆነ ሸክሙ በዝቷል ወይም ናፍጣው በትክክል አይረጭም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞቆም ነጭ ጭስ የማይተው ከሆነ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው፣ ወይም ውኃ ገብቶበታል።

አራተኛ፣ ጥንቃቄው። ይህን ለወጣቶቹ አጥብቄ እነግራለሁ። ቺንጋውና ቮላኖው በሽቦ አጥር ይከለላል። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም እጅጌ ይዞ መቅረብ ክልክል ነው። የጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት የሞተር ጭስ ሰው እንደሚገድል አትርሱ። ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው አስቀድሞ ማጥፊያውን በእጁ ነክቶ ያሳይ። ልጆች ከመስመሩ አያልፉም።

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ጠጋኞቹ ይቀየሙናል» የሚል ነው። ሁለቱን አነጋግሬአለሁ። ጥሩው ባለሙያ የሚለው ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ መደብ ቢኖር እኔም ሳልወቀስ አድር ነበር ነው የሚለው። ሞተር በጋሪ ተንገጫግጮ ቢበላሽ ጥፋቱ በእርሱ ላይ መለጠፉ ይቀርለታል። ሁለተኛው «ለአንድ ወፍጮ ይህን ያህል ድካም?» የሚል ነው። ለአንድ ወፍጮ ብቻ አይደለም። የአጋሮና የሊሙ ሰው ያውቀዋል፤ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። በኅዳር ሌሊት መፈልፈያ ሞተር ቢቆም የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይሸታል። ከመከሩ በፊት ሞተሩን አምጥቶ የሚያስፈትን ገበሬ አነስተኛ ክፍያ ቢከፍል መደቡ ራሱን ይችላል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ይህ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ሁለት ቅዳሜ በጉልበት እንዲረዳ፤ በግቢው የወደቀ ብረት ያለው እንዲሰጥ፤ ብየዳውን ወጣቶቻችን እንዲይዙ። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ እንዲገባልን እንለምናለን፦ ከእንግዲህ የማኅበሩ ማንኛውም ሞተር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሙሉ ሸክም ሳይፈተን፣ ጠጋኙና ሁለት የኮሚቴ አባላት ሳይፈርሙ፣ ክፍያ አይፈጸምም። ጸሐፊው ብቻውን አይፈርምም። እኔን ጨምሮ።

ይህቺ ትንሽ ባቡር እዚህ ቢሮ ትቀመጣለች፤ ልጁ ፈቅዷል። ልጆች እየመጡ ያስነሷት። ላስቲኩ የሚወጠረው መቼ እንደሆነ ከአሁኑ ያወቀ ልጅ፣ ነገ ትልቁ ሞተር ፊት ሲቆም እንደ እኔ በድምፅ አይታለልም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ አዌቱ መንደራ፣ ጅማ