የራስን ጓደኛ መዳኘት
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ስፖርትና ስለ ጤና አንድ ነገር በይን» ስትለኝ እሺ አልኩ። ነገር ግን ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ከእኔ በብዙ የሚበልጡ ነርሶች እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ እኔ የማወራችሁ ባለፈው መጋቢት የክለባችን ሴቶች ስላደረግነው አንድ የስኳሽ ግጥሚያ ነው። ስኳሽ ስል የሳቃችሁትን አይቻለሁ። አዎ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ልጆቻችን በውሃ እየበጠበጡ የሚጠጡት ጭማቂም ስሙ ስኳሽ ነው። የኔው ግን የሚያጠማ እንጂ የሚጠጣ አይደለም።

ላላያችሁት ጨዋታውን ላስረዳ። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ክፍሉ 9 ሜትር ከ75 ርዝመት፣ 6 ሜትር ከ40 ስፋት አለው። እንደ ቴኒስ መካከል ላይ መረብ የለም፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረው ኳሷን በየተራ ይመታሉ። ኳሷ ትንሽ፣ ውስጧ ባዶ የሆነ ጎማ ናት፤ 24 ግራም ብትመዝን ነው። ቀዝቃዛ ሳለች ብትወድቅ እንደ ሊጥ ናት፣ አትነጥርም። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት እየደበደቡ ማሞቅ ግድ ነው። ከፊት ግድግዳው ግርጌ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቆርቆሮ አለ፤ ኳሷ እሱን ከነካች «ጓ!» ይላል፣ ነጥቡም ለተጋጣሚዋ ይሆናል። ቀድማ 11 ነጥብ የሞላች አንድ ጌም ትወስዳለች፤ 10 እኩል ከሆኑ በሁለት እስኪበላለጡ ይቀጥላሉ። ከአምስት ጌም ሦስቱን የወሰደች አሸነፈች።

አንዷ እናታችን ቅድም በር ላይ «ይሄ የወንድ ጨዋታ አይደለም ወይ?» ብላኛለች። እናቴ፣ ሄዘር ማኬይ የምትባል አውስትራሊያዊት ከ1962 እስከ 1977 የብሪታንያን ኦፕን በተከታታይ 16 ጊዜ አሸንፋለች። የማሌዥያዋ ኒኮል ዴቪድ ስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ዛሬ ደግሞ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ብዙዎቹ የአባይ ጎረቤቶቻችን፣ የግብፅ ሴቶች ናቸው። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ስኳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ ታዩአቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ሲሯሯጡ መንገድ መዘጋጋታቸው አይቀርም። መንገድ የተዘጋባት ቆም ብላ «ሌት ፕሊስ» ትላለች። ዳኛዋ ከሦስት አንዱን ትፈርዳለች። ጥያቄው ካላሳመናት «ኖ ሌት» ብላ ታልፋለች። «ሌት» ካለች ኳሱ ይደገማል፣ ማንም አይጎዳም። «ስትሮክ» ካለች ግን ነጥቡ በቀጥታ ለተከለከለችው ይሰጣል። የምትመታዋ ሴት ኳሷን ወደ ፊት ግድግዳ ብትልካት መካከል የቆመችውን ሰው የምታገኝ ከሆነ፣ ሰው እንዳትጎዳ ብላም ራኬቷን ከያዘች፣ ይህ በሕጉ ስትሮክ ነው።

ይህን የምትፈርደው ማን ትመስላችኋለች? በትልልቅ ውድድሮች የተቀጠረ ዳኛ አለ፤ ቪዲዮም አለ። በኛ ዓይነት የሰፈር ሊግ ግን ዳኛ አይመጣም። ከየክለቡ አምስት አምስት ሴቶች እንደ ችሎታቸው ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይዘው ይገጥማሉ። አሁን ተጫውታ የወጣችው ላቧን እየጠረገች ከኋላ ሰገነቱ ላይ ወጥታ የሚቀጥሉትን ትዳኛለች። የራሷን ጓደኛ ማለት ነው።

እኔ ወደዚህ ክለብ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ማታ ማታ ኳሷ ነጩ ግድግዳ ላይ የምትተወውን ጥቁር ምልክት የማጸዳው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ቀጠሮ የያዘችው ሰው ቀርቶባት ብቻዋን ስትመታ ቆይታ፣ ትርፍ ራኬቷን ዘረጋችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሳንቲም ሳትጠይቀኝ አስተማረችኝ። የቡድናችን ቁጥር አንድ እሷ ናት። እኔ አራተኛ ነኝ።

ያን ዕለት የዓመቱ መጨረሻ ግጥሚያ ነበር። ካሸነፍን ባለንበት ዲቪዚዮን እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። እኔ 3 ለ 1 ተሸነፍኩ፤ ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም፣ ልጅቷ ግማሽ ዕድሜዬ ናት። ቡድኖቹ 2 ለ 2 ሆኑ፤ የቀረው የቁጥር አንዶቹ ጨዋታ ብቻ ነበር። ከእንግዶቹ ሁለቱ ባቡር እንዳያመልጣቸው ሄደዋል፣ ሌሎቹ ልብስ መቀየሪያ ገብተዋል። ሰገነቱ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አምስተኛው ጌም ላይ ደረሱ። እንግዳዋ 10፣ የኛዋ 9። የኛዋ የመታችው ኳስ ከግድግዳው ተመልሳ መጣችና ራሷ ወደቆመችበት መሐል ሜዳ ገባች። እንግዳዋ ከኋላዋ ነበረች፤ ራኬቷ ወደ ላይ ተነሥቷል። ብትመታ ኳሷ የጓደኛዬ ጀርባ ላይ ነበር የምታርፈው። አልመታችም። ቀና ብላ አየችኝና «ሌት ፕሊስ» አለች።

እህቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አይቼዋለሁ። የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ግን አፌ ላይ የመጣው «ሌት» የሚለው ነው። ሌት ብል ኳሱ ይደገማል፣ ጓደኛዬ ሌላ ዕድል ታገኛለች፣ እንግዳዋም ቢሆን ራሷ «ሌት» ብላ ነው የጠየቀችው፤ ማን ይወቅሰኛል? ጓደኛዬም ቀና ብላ እያየችኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ አለብኝ።

በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ ግን የኛው እቁብ ነው። አምና በዕጣው ላይ ክርክር ሲነሣ ከሸምጋዮቹ አንዷ እኔ እንደነበርኩ ታስታውሳላችሁ። አንዷ እህታችን «የኔ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ አልገባም» አለች። ሳጥኑን ገልብጠን ስናይ ወረቀቷ እዚያው ነበር። ቢሆንም ለሰላም ብለን፣ ሁለቱም ቅር እንዳይላቸው ብለን «ዕጣው ይደገም» አልን። ተደገመ። መጀመሪያ የወጣላት እህታችን ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በወሩ ገንዘቡን ለምን ፈልጋው እንደነበር ሰማሁ። ያን ቀን እኛ ሌት ሰጠን፤ የሚገባት ግን ስትሮክ ነበር። ዛሬ እዚህ አለች። አስፈቅጄአት ነው የምናገረው፤ ይቅርታዬንም በሁላችሁ ፊት እደግመዋለሁ።

«ስትሮክ» አልኩ። ድምፄ እንደ ድመት ልጅ ነበር የወጣው። 11 ለ 9፣ አበቃ።

ጓደኛዬ አልተከራከረችም። የእንግዳዋን እጅ ጨበጠች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። እንግዳዋ ቀና ብላ በራሷ ነቀነቀችልኝ፤ እሱም በዚያን ሰዓት ደስ አላለኝም።

በዚህ አገር ስኳሽ ከጨዋታ በኋላ ባለሜዳዎቹ እንግዶቹን ያበላሉ። ይህን ልማድ ሳይ መጀመሪያ ላይ ማኅበር ጠጪ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ያን ዕለት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ እንጀራ ለማይደፍሩት ደግሞ ሩዝ ይዤ ነበር። እንግዶቹ በሉ፤ አንዷ የምስሩን አሠራር በወረቀት ጻፊልኝ አለችኝ። «በርበሬውን ከየት ታመጪዋለሽ?» ብያት ተሳሳቅን። ጓደኛዬ ግን ሳህኗን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ የጎረሰችው ሁለቴ ቢሆን ነው። ሌላዋ የቡድናችን ልጅ ሳህን ሳጥብ መጣችና «ሌት ብትይ ማንም ምንም አይልሽም ነበር» አለችኝ። አውቃለሁ፣ አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ሁለት ማክሰኞ አልተደወለልኝም። ለእኔ ከመውረዳችን ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው። ማታ ተኝቼ ያችን ኳስ መልሼ መላልሼ አየኋት፤ አንዳንዱ ሌሊት ጓደኛዬ ትንሽ ወደ ጎን ብላ ነበር ይሆን እላለሁ፤ አላለችም። በሦስተኛው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ፦ «ነገ ሦስት ሰዓት። ኳስ አንቺ ያዢ።» ሄድኩ። ስለዚያ ቀን አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። እንደ ወትሮው 3 ለ 0 አሸነፈችኝ፤ መካከል ላይ መንገድ ዘግቼባት ሌት ከማለቷ በፊት እኔው ራሴ «ስትሮክ ነው» አልኳት። ሳቀች።

ከመስከረም ጀምሮ አንድ ዲቪዚዮን ዝቅ ብለን እንጫወታለን። አምስተኛችን ወደ ሌላ ከተማ ስለሄደች አንድ ሰው ጎድሎናል፤ ሰው ካልሞላን ያ ጨዋታ ሳንገባ እንደተሸነፍን ይቆጠራል። ዕድሜ አይጠየቅም፤ እኔ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ጉልበት የሚያማት ግን መጀመሪያ ሐኪም ታማክር። ራኬት እኔ አውሳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረሳችሁ በኋላ ኑ፤ ጫማችሁ ብቻ ሶሉ ወለል የማያጠቁር ይሁን፤ የሚያጸዳው ሰው ይደክማል።

ጥያቄ ካለ ቡናው እስኪደርስ እዚሁ አለሁ።